ጥቁር ጭቃ ለባሕሩ ሣር

እማዬ፣

ሣር ለማብቀል አሜሪካ ድረስ ይኬዳል ወይ? ምጽዋ ወደብ ላይ ስትሸኚኝ የጠየቅሽኝ ይኸንኑ ነበር፤ እዚህም ክፍሌን ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል። ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት። ካረፍሽ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አሁን መልሱን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ግን ደክሞኛል።

የባሕር ዕፅዋት ትምህርቴን ጨርሼ ተመርቄያለሁ። ቀን ቀን ሳን ሆዜ ፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ቆርቆሮ እመረምራለሁ፣ ማታ ባስ ላይ እያንቀላፋሁ ኦክላንድ እገባለሁ። ክፍሌን የያዘው የመስታወት ገንዳ ነው። ውስጡ ያለው አስተማሪዬ ከሞቃት ባሕር ያስመጣው፣ ባሕር ውስጥ የሚበቅል ሣር ነው፤ ላቦራቶሪው ሲጠብበት ለእኔ ሰጠኝ። ባሕሩ ሲሸሽ ቀሚስሽን ሰብስበሽ የምትረግጪው የዚያ የሰፈራችን ሣር ወገን ነው። የዚህ አገር ውሃ ይገድለዋል፤ ስለዚህ ጨው እየበጠበጥኩ፣ በሂተር እያሞቅኩ እንደ ጨቅላ እጠብቀዋለሁ። ወደቡ ሲሰፋ ሣሩ ተጠርጎ ባዶውን የቀረውን ዳርቻችንን አንድ ቀን መልሼ ላለብሰው ነው ሐሳቤ።

መርዶሽን ጓደኞቼ በማለዳ መጥተው አረዱኝ። ከዚያ በኋላ እጄን ሥራ አላስነኩኝም። አብራኝ የምትኖረው አልማዝ፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል ብላ ቤቱን ስታጸዳ ገንዳውንም አጸዳችልኝ። ከሣሩ ጋር አብሮ የመጣውን ጭቃ ደፍታ ነጭ አሸዋ አነጠፈች፤ ሣሩን ቅጠል በቅጠል በቧንቧ ውሃ አጥባ መለሰችው። ኧረ በስመ አብ፣ እንዲህ ያለ ሽታ ውስጥ እንዴት ትተኚ ነበር አለችኝ። ለአንቺ ለቅሶ ብላ ነው ያደረገችው። እግዜር ይስጥሽ አልኳት።

ሣሩ እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ሄዶ አንዲት ሥር ብቻ ቀረች። እዚህ አጠገባችን ሪችመንድ የባሕር ዳርቻ ጭቃ ሞልቷል፤ ግን የባሰ ይገማል። የቀረችውንም እንዳያበሰብሳት ፈራሁ።

አንድ እሑድ ጫማዬን ሳወልቅ ትዝ አልሽኝ። ከባሕር ስንመለስ ደጃፍ ላይ አስቀምጠሽ ስታጥቢኝ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ነበር። አንቺ ልጅ፣ ዛሬም የተበላሸ እንቁላል ትሸቻለሽ እያልሽ አፍንጫዬን ትቆነጥጪ ነበር። ሣራችን የቆመው እዚያ ሽታ ውስጥ ነበር እኮ!

ሪችመንድ ወረድን። አልማዝ አፍንጫዋን በሻርፕ ጠቅልላ የጭቃውን ባልዲ ተሸከመች፤ መንገዱን ሙሉ ስትሰድበኝ ነበር። ባስ ውስጥ ሰው ሁሉ ከአጠገባችን ተነሣ። ቢያንስ መቀመጫ አገኘን አለች።

ሥሯን በዚያ ጭቃ ተከልኳት፤ ዛሬ ከሥራ ስገባ አንዲት ቅጠል ብቅ ብላለች። ከጥፍሬ አትበልጥም። ትኖራለች ብዬ አልምልልሽም።

ገንዳውን በከፈትኩ ቁጥር ያ ሽታ ይወጣል፤ ደጃፋችን ላይ ነኝ፣ እግሬ በእጅሽ ውስጥ ነው። እንዴት ብዬ እረሳሻለሁ?

አንድ ነገር ብቻ፣ እማዬ። ያ ሣር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነበር ወይስ የሚያርፍበት ወራት ነበረው? እኔ ልጅ ነበርኩ፣ አላስተዋልኩም። አንቺ በየቀኑ ታዪው ነበር። እባክሽ፣ መልሽልኝ።

ልጅሽ