የቅዳሜው በረራ

ይድረስ ለልጄ ለሜሪቤል፤ እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አላባራ ብሏል።

አባትሽ ቅዳሜ በትንሿ አውሮፕላናችን ሊያንሸራሽረኝ ነው። የኦሪገንን የባሕር ጠረፍ ይዘን ወደ ደቡብ እንበርና ኒውፖርት አርፈን ሸርጣን እንበላለን። ካርታው ላይ መንገዱን ሲያሰምር ያፏጫል።

ትናንት ሦስት የጆሮ ማዳመጫ አዘጋጅቶ አየሁት።

«ሦስተኛው ለማን ነው?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ለኮልተን ነዋ! ልጃችንን ጥለነው ልንሄድ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ወንድምሽን ኮልተንን ስንቀብር ሣጥኑን ከፊት የተሸከመው አባትሽ ራሱ ነበር። «እውነትህን ነው» ብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከቻልሽ ከቅዳሜ በፊት ብቅ በይ፤ ለሌላ አይደለም፣ ናፍቀሽን ነው። ዛሬ ደግሞ የአውሮፕላኑ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ያተራምሳል። እኔም ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ አብሬው እፈልጋለሁ።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ ሎሬታ