ጎማውን እንዳታስነፋ

ኤልናታን፣
ማታቱ ታክሲው እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልህ።

መኪናዋን ለእሁዱ የራሊ ውድድር አዘጋጅቼልሃለሁ። ከፍ አድርጌያታለሁ፣ ሞላዎቹንም በለስላሳ ቀይሬያለሁ። ቲካ ሮድ አስፋልቱ ላይ ስትወዛወዝብህ ተበላሸች ብለህ እንዳትደውልልኝ። ጠጠሩ ላይ ስትገባ ታመሰግነኛለህ፤ ማመስገን የምታውቅ ከሆነ ማለቴ ነው።

አልጋህ ስር ያለው ረጅም ብረት የሌባ መምቻ አይደለም። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ስታቢላይዘር ነው። የፈታሁት እያንዳንዱ ጎማ ጉድጓዱን ለብቻው እንዲወጣው ብዬ ነው፤ መልሰህ እንዳታስገጥመው።

ጎማውንም እንዳታስነፋ። ነፋሱን የቀነስኩት ጠጠሩን እንዲይዝ ነው። ባለፈው የግቢው ዘበኛ "ጎማህ ተኝቷል" ስላለህ ጢም አድርገህ አስነፋኸው። ተንሸራተን ቦይ ውስጥ ስንገባ ግን ጥፋቱ መንገድ አንባቢዋ ላይ፣ እኔ ላይ ሆነ።
እሱን አሁን አላነሳም።

የምትበላው ቻፓቲ ድስቱ ውስጥ አለ።

እሁድ ከጎንህ ተቀምጦ መንገድ የሚያነብልህ ሀቢብ እንደሆነ ሰማሁ። ከራሱ ከሀቢብ።
ጎበዝ ልጅ ነው። ብቻ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ወንበሩን ደግሞ ያሰርኩት በኔ ልክ ነው፤ ጉልበቱ አገጩን ይነካል። የሚፈታበት ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እስከ ማታ ኢምባካሲ ሥራ ላይ ነኝ። ወንበሩን ማስፈታት ከፈለግክ ራስህ መጥተህ ጠይቀኝ።

ካልፈለግክ ግን ሄልሜቴን አጥቤ በረንዳው ላይ አስጥቼዋለሁ። ዝናብ ሳይመጣ አስገባልኝ።

እህትህ ሚዛን