እማዬ የመረጠችው ማጉያ ሳጥን

ይድረስ ለወንድሜ ለስማቸው፣ አሥመራ

ወንድም ዓለም፣ ይህ ወረቀት መንገድ ላይ የሚቆይበትን ቀን ሁሉ ጨምሬ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያምህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ሥራህ፣ አብረውህ የሚኖሩት ጓደኞችህ፣ የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። እማዬ ደህና ናት። ይህን ያልኩህ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ምን ያህል ደህና እንደሆነች ዝቅ ብለህ ስታነብ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ ስለ ሸክላ ማጫወቻው ምስጋናዬን ልድገመው። ጣሊያኑ አለቃህ አገሩ ሲገባ ትቶልህ የሄደውን ዕቃ ሸጠህ ካፖርት መግዛት ስትችል፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ለእናትህ መላክህን እዚህ ሞጣ ያልሰማ የለም። ያን ጊዜ «በጣም ጥሩ ይጫወታል» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ውሸቴን ነው። ዛሬ እውነቱን ልንገርህ።

ዕቃው በጥር የደረሰ ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራን። ከገበያው ዳር ያለው ጀነሬተር ለሠፈሩ መብራት የሚሰጠው ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ፣ ሰው ቀድሞ መጥቶ ይጠብቅ ነበር። አንተ እንደጻፍክልኝ ገመዱን ከራዲዮናችን ጀርባ ሰካሁና መርፌውን አሳረፍኩ። ሸክላው ይዞራል፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ነበር። ራዲዮኑን እስከ መጨረሻው ብከፍተውም ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አይሰማም። ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ አየሁ። የወንድሜ ስጦታ ሊናቅ ነው ብዬ ደነገጥኩና «ይሰማል እኮ! ደስ ሲል!» አልኩ። እንግዶቹም ይሉኝታ ያዛቸውና «አዎ፣ ደስ ይላል» አሉ። ታናሻችን ፅጌረዳም እኔን አይታ ራሷን ነቀነቀች። እማዬ ብቻ አንዴ የእኔን አንዴ የሰውን ፊት ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። ሲያነጋግሯት አፍ አፋቸውን ታያለች። ታውቃለህ፣ በሠፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰሱ የሚመጡት እሷ ዘንድ ነው። «ሌላ አስታራቂ ፈልጉ፤ እኔ ደክሞኛል» እያለች ትመልሳቸው ጀመር። እኔ እውነትም የደከማት መስሎኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ «እህቴን ልይ» ብላ በበቅሎ መርጡለ ማርያም ወረደችና ሁለት ሳምንት ቆየች። ስትመለስ ያደረሰቻት አክስታችን ፋንታነሽ ወደ ጓዳ ጎተተችኝና «እናትሽ የመጣችው ለጠበል ነበር። ልጆቼም ጎረቤቶቼም የሚሰሙትን እኔ ብቻ አልሰማም፣ ጆሮዬ ደንቁሯል ብላ አሥራ ሁለት ቀን ተጠመቀች። አታውቂም ኖሯል?» አለችኝ። ወንድሜ፣ ለካ እናቴን ያሳመማት የእኔ ውሸት ነው!

በማግሥቱ ማጫወቻውን ይዤ አቶ ይማም ዘንድ ሄድኩ። አቶ ይማም ከመስጊዱ አጠገብ ሰዓትና ራዲዮ የሚጠግኑ ሰው ናቸው፤ ሱቁን የከፈቱት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። የመርፌውን ራስ በአጉሊ መነጽር አገላብጠው አዩና «እህቴ፣ ወንድምሽ የላከው ዕቃ እንከን የለበትም። ራዲዮናችሁም ደህና ነው። የጠፋው በሁለቱ መካከል የሚገባው ዕቃ ነው» አሉኝ። የራዲዮናችን መሰኪያ የተሠራው ለተራው መርፌ ነው። ያንተ መርፌ ግን ማግኔት ያለበት፣ ድምፁ የጠራ ጉልበቱ ግን ትንሽ የሆነ ዓይነት ነው። ስለዚህ ማጉያ ሳጥን ይፈልጋል። ሳጥኑም ማጉላት ብቻ አይበቃውም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ሳጥኑ ያንን መልሶ ወደ ቦታው ማምጣት አለበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ ሳጥን በእኔ በታይፒስቷ ደመወዝ የሚደፈር አልነበረም።

በዚህ መሐል እንባዬ መጣ። ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቶ ይማም መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲያው ሳጥኑ ይቆይ። መጀመሪያ እናትሽ ዘንድ ሂጂና ንገሪያቸው» አሉኝ።

ነገርኳት። ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን አስቀመጠችና «አንቺም አልሰማሽም ነበር?» አለች። «አልሰማሁም» አልኳት። «ፅጌረዳስ?» «እሷም።» ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመችና «ተነሺ። ያን ሳጥን የምመርጠው እኔ ነኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ የሞከርነው ምንም ገንዘብ የማያስወጣንን ነው። መምህር ገብረ ኪዳን ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ የሚገለገልበትን የማይክሮፎን ማጉያ አዋሱን። ማታ መብራት ሲመጣ አንተ ከላክሃቸው መካከል የማሲንቆውን ሸክላ አደረግን። ድምፁ የአቶ ይማምን ሱቅ ሞላው፤ እኔ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። እማዬ ግን ፊቷን አጨማደደች። «ዘፋኙ ትልቅ ሰው ይመስለኛል። ይኼ ሳጥን ጎረምሳ አደረገው። የደረቱ ድምፅ የት ሄደ?» አለች። አቶ ይማም ሳቁና «እውነትዎን ነው። ይኼ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አይመልስም» አሏት።

ቀጥሎ ቢቸና ሄድን። እዚያ በቴሌ የሚሠራ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል የሐረር ልጅ ተዛውሮ ዕቃውን እየሸጠ ነው ሲሉ ሰማን። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው በጭነት መኪና ጋቢና ሄድን፤ እማዬ ማጫወቻውን እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር። አቶ ይማም ሲሸኙን «መርፌውን አንሡና ድምፁን ከፍታችሁ ዝምታውን አዳምጡ። የሳጥን ጠባይ የሚታወቀው ያኔ ነው» ብለውን ነበር። ኃይለ ጊዮርጊስ ደግ ልጅ ነው፤ ምሳ ሳያበላን ሳጥኑን አላሳየንም። የውጭ አገር ሥራ ነው፤ ዘፋኙ በሙሉ ደረቱ ሲዘፍን ሰማነው። መርፌውን ስናነሣ ግን ክፍሉ ውስጥ የንብ ቀፎ የተከፈተ መሰለ። «ሲቆይ ይለመዳል፤ ዋጋውንም እቀንስላችኋለሁ» አለን። እማዬ እጁን ይዛ «ልጄ፣ እንደ እናትህ ተቀብለህ አብልተኸናል፤ ውለታህ አይጠፋኝም። ግን አምስት ወር ሙሉ የሌለ በሽታ ተሸክሜ ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ ይለመዳል የሚባል ነገር ቤቴ አላስገባም» አለችው። እሱም ሳይቀየም እስከ መኪናው ሸኘን።

እውነቱን ለመናገር በመልሱ መንገድ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አቶ ይማም ግን ወሬውን ሰምተው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያስ እኔ ልሥራው» አሉ። ከሁለት የተበላሹ ራዲዮኖች ትራንዚስተሮች አወጡ፤ ዕቃዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በየዷቸው። የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ስለሆነ የጀነሬተሩ ጩኸት አይገባበትም አሉ። ለድካማቸው የጠየቁኝ የቢቸናውን ሲሶ እንኳ አይሆንም። «ካልወደዱት አይውሰዱት» ብለውም አስቀድመው ለእማዬ ነገሯት።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጠሩን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጦይባም ከቤት መጥተው ነበር። ሸክላው ሲጀምር ቀስቱ ጭራውን ሲነካው፣ ዘፋኙ ከመዝፈኑ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ሁሉ ተሰማ። ትልቅ ሰው ነው፤ እማዬ እንዳለችው። አቶ ይማም ወገባቸውን ይዘው ፈገግ አሉ። እማዬ ግን እጇን አነሣች። «ዝንብ አለ» አለች። «የት?» አሏት። «ከማሲንቆው ኋላ። ቀጭን ዝንብ።» አቶ ይማም ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡ፤ ምንም። ወይዘሮ ጦይባም ምንም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔም አይሰማኝም» አልኩ፤ ይህን ቃል መናገር እንዲህ ቀላል ነበር ለካ! አቶ ይማም ቆርቆሮውን ሲከፍቱ፣ ከማጫወቻው የሚመጣው፣ ጩኸት የሚያጠፋው የመሬት ሽቦ በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ተንቀሳቅሶ አገኙት። አጠበቁት። እማዬ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና «አሁን ሄደ» አለች።

አቶ ይማም መፍቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «እትዬ ይርጋነሽ፣ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ። እንደ እርስዎ ያለ ጆሮ አላየሁም» አሏት። እማዬ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ወይዘሮ ጦይባ አቀፏት። እኔም ከእግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ጉንጬን ይዛ «ለወንድምሽ ብለሽ ነው፤ አውቄዋለሁ። ከእንግዲህ ግን የማይሰማውን አይሰማም በይኝ» አለችኝ።

ወንድም ዓለም፣ አንተን ስናመሰግን ውለናል፤ አመስግነንም አንጠግብ። አቶ ይማምንም አንተው አመስግንልኝ፤ ከእማዬ ወንድ ልጅ የመጣ ቃል ሌላ ክብር አለው። ትናንት ደግሞ በግጦሽ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች መጥተው እማዬ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ አዳምጣ አስታረቀቻቸው።

እንግዲህ እውነት መናገር ከጀመርኩ አንድ ነገር ይቀረኛል። አሥራ አንዱም ሸክላ በደህና ገባ ብዬህ ነበር። ሦስቱ ተሰብረው ነው የደረሱት። እንዳይከፋህ ብዬ ደበቅኩህ፤ ስምንቱ ይበቁናል።

ፅጌረዳ ሰባተኛ ክፍል ማለፏን አሳውቂልኝ ብላ ሰላም ትልሃለች። አክስታችን ፋንታነሽ ከመርጡለ ማርያም ናፍቆቷን ልካለች። አቶ ይማምና ወይዘሮ ጦይባ ሳያዩህ ይወዱሃል። ጎረቤቶቻችን ሁሉ በየተራ እየመጡ እያዳመጡ ይመርቁሃል፤ አሁን የሚሉት ከልባቸው ነው። እማዬ ደግሞ ይህን ሁሉ አስነብባ ከሰማች በኋላ፣ ከሩቅ ጉንጭህን ስማ፣ እንዲህ ብለሽ ጨምሪበት አለችኝ፦ «በየደብዳቤህ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ትላለህ። አንተም የእህትህ ወንድም ነህ። ያልተመቸህ ነገር ካለ ያልተመቸህን ጻፍልኝ፤ እኔ እንደሆነ እሰማለሁ።»

እህትህ አምሳለች
ሞጣ፣ ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.