የሙሽራዋ ወገብ

ለቀድሞው የኔ፣ ለዛሬው የእህቴ፤

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ብርድ ሲሆን የሚነሳብህ ሳልስ ተሻለህ? እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ከመርፌና ከክር ጋር ስታገል ይመሻል። ሰላምታው በዚህ ይብቃንና ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ረጋ ብዬ ብጀምርም መሃል ላይ መናደዴ አይቀርም።

እጮኛህ የአክስቴ ልጅ መሆኗን ስትመርጣት ታውቅ ነበር። ቀሚሷን የምሰፋው እኔ እንደምሆን ግን ያሰብክበት አይመስለኝም። አክስቴ ጨርቁን ታቅፋ የስፌት ቤቴ በር ላይ ቆማ «ለእህትሽ ካልሰፋሽ ለማን ልትሰፊ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ስለ አንተና ስለ እኔ የምታውቀው ነገር የለም። ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አወረድኩና ሙሽራህን መለካት ጀመርኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። ትከሻዋን ስለካ ክንድህ የሚያርፈው እዚህ ጋ ነው እያልኩ ቁጥሩ ይጠፋብኝ ነበር። ወገቧ ላይ ስደርስ «ከዚህ ሁለት ጣት አጥብበሽ ስፊው፣ እስከ ሠርጉ እቀንሳለሁ» አለችኝ። ሙሽሮች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ባልሆኑት ልክ ያሰፋሉ፣ ከዚያ እሱን ለመሆን ይሯሯጣሉ። እኛም ስለምናውቃቸው ከጎን ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፈን እንተውላቸዋለን። ምን አስጨነቀሽ ብላት፣ «ትንሽ ብትቀንሺ ደግሞ እንዴት ያምርብሽ ነበር» እንዳልካት ነገረችኝ፤ እየሳቀች።

አንተ ሰው! ቃሉን እንኳን አትቀይረውም? ያቺን ንግግር እኮ የእኔ ብቻ አድርጌ ነበር የያዝኳት። ክፉ ብትሆንም የእኔ ነበረች። እሷንም ወስደህ ሰጠሃት።

ለልኬት ተመልሳ ስትመጣ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። እጇ ላይ ትንሽ ፔርሙስ ነበር። ክዳኑን ስትከፍተው ሽታውን አወቅሁት፤ ያ የማቅጠኛ ሻይ ነው። አክስቴ ናት ከመዋቢያ መደብር የገዛችላት። «ቅጠል እኮ ነው! ቅጠል ደግሞ ምን ያደርጋል?» ትላለች። ልጅቷ ግን ለክቼ ሳልጨርስ መጸዳጃ ቤት ትመላለሳለች፣ ባቷን ጨምድዶ ይይዛታል። ቀሚሱን አልብሼ ዚፑን ስስበው ጀርባዋ መሃል ደርሶ እምቢ አለ። ደስ አለኝ። እግዜር ይየኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። እሷ ግን «ከነገ ጀምሮ እጥፍ አድርጌ እጠጣዋለሁ» ብላ ሄደች።

በሳምንቱ መጥታ መስታወቱ ፊት እንደቆመች እጄ ላይ ዝርግፍ አለች። ሰውነቷ ቀዝቅዟል፣ ልቧ ግን የደነገጠ ወፍ ይመስል ነበር፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይጠፋል። ሀኪም ቤት እንዴት እንደደረስን አላስታውስም። ሐኪሟ ምን እንደምትወስድ ስትጠይቅ አክስቴ «ሻይ ብቻ» አለች። ፓኮውን አሳዩኝ ስትላት ከቤት ላመጣ ብላ ልትሮጥ ተነሳች፤ መሄድ ግን አላስፈለጋትም፣ እዚያው ተገኘ። ሐኪሟ ገልብጣ አነበበችው። ከቅጠሎቹ አንዱ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው አለች። የሚወጣው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው፣ ከውሃው ጋር ደግሞ ለልብ ሥራ የግድ የሚያስፈልግ ጨው አብሮ ይሄዳል። ፓኮው ላይ ያልተጻፈ ኪኒን ፈጭተው የሚቀላቅሉም አሉ፣ ጉበት የተጎዳበት ሰውም አይታለች። «ከቤተሰቡ ሌላ የሚጠጣ አለ?» ብላ ተራ በተራ አየችን። እኔ ጎንበስ ብዬ የሙሽራህን ጫማ ማውለቅ ጀመርኩ።

አትደንግጥ፣ አሁን ቤቷ ገብታለች። ጉንፋን ይዞኝ ነው ያለችህ ይህንን ነው። ግን ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን መሰለህ? «ዚፑስ?» አክስቴ የቀረውን ሻይ ደብቃባት ኖሮ ቁም ሳጥኑን ስትበረብር አገኘቻት። ሐኪም የነገራትን ሁሉ ሰምታ እንደገና ልትጀምር ነበር።

ስለዚህ ጎኑን ፈታሁት። ትቼው የነበረውን ጨርቅ በሙሉ ለቅቄ፣ የድሮው የስፌት መስመር እንዳይታወቅ በካውያ ተኩሼ መልሼ ሰፋሁት። ትናንት ሳለብሳት ዚፑ ያለ ምንም ትግል እስከ ላይ ወጣ። «ቀነስኩ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ቀንሰሻል፣ ሻዩ ይብቃሽ» አልኳት። ከዚያ ቁጭ ብላ ምሳዬን በላችብኝ። ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ፤ እያየኋትም ቅናቱ አልለቀቀኝም። ግን ላንተ ብላ ስትሞት ቆሜ አላይም።

አሁን ተራው ያንተ ነው። እኔ ሻዩን በቀሚስ አስቁሜዋለሁ፣ ያስጀመራት ግን ያንተ አፍ ነው። ሂድና «እንዲሁ እንዳለሽ ነው የምወድሽ» በላት። ይህን ለእኔ ብለኸኝ አታውቅም፤ ለእሷ አዲስ ይሆንላታል፣ እኔም የተሰረቅሁ አይመስለኝም።

ስለ ቀሚሱ ትንፍሽ እንዳትል፤ አደራ። ሌላም አደራ አለኝ። አክስቴ ሰሞኑን አንድ ነገር አልገባት ብሏል፤ የልጇ ፓኮ ያን ቀን እቤት ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሟ ያነበበችው ከማን ቦርሳ ወጣ? ብትጠይቅህ አላውቅም በላት። እኔም የራሴን ቀሚሶች ጎን መፍታት ጀምሬያለሁ።

ፈጣሪ ጎጇችሁን ያሙቅላችሁ፣ ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ።

የሙሽራህ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ