ለእትዬ የሻረግ የተወሰደው ዓሣ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ዛሬ ከጽዋ ማኅበራችን ጋር ዓባይ ማዶ ሄደን እትዬ የሻረግን ጠየቅን። ሳምባቸውን ታመው ብቻቸውን ተኝተዋል። ነርሷ "መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ይጎዳዎታል፤ ዓሣም እንቁላልም ይብሉ" ስላለቻቸው፣ ከሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ይዤላቸው ሄድሁ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን አቶ ፈንቴ፣ ሳህኑን ገልጠው አዩና "በጾመ ነቢያት?" አሉ።

"ታመዋል እኮ!" አልሁ።

"እሱን የሚፈቅዱት የንስሐ አባታቸው ናቸው እንጂ አንተ አይደለህም!"

የንስሐ አባታቸው ስልክ አያነሱም። ስለዚህ በበሽተኛዋ ራስጌ ጉባኤ ተከፈተ። አንዱ ዓሣ ከሥጋ አይቆጠርም አለ፤ ሌላው የጴጥሮስን መረብ ጠቀሰ። ሃይማኖታችን የጸናችው ለካ ዓሣው እስኪበርድ በመከራከር ኖሯል! በመጨረሻ አቶ ፈንቴ ሳህኑን ከድነው፣ ስለ ርኅራኄ ረዥም ጸሎት አድርሰው ወጡ። ሁሉም ተከተሏቸው።

እኔ ወደኋላ ቀርቼ ሳህኑን አቀረብሁላቸው። እትዬ በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

"ቅድም ዝም ብላችሁ ብትሰጡኝ እበላው ነበር፣ ልጄ። አሁንማ ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ እንዴት ይዋጥልኛል?"

መድኃኒቱን በውኃ ብቻ ዋጡት።