ወንድሜ የዘገየበት ምክንያት

ጥቅምት 4፣ 1961
ቀኑን ሙሉ ስተይብ ዋልኩ። ጣቶቼ አበጡ። ስመለስ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ወልደትንሣኤን አየሁት፤ ሰዓት ጠጋኙን። በረንዳ ላይ ማኪያቶውን ይጠጣል። ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝ... እንዴት አያፍርም? ከአባቴ ጋር በአንድ ቀን በፖለቲካ ታሰሩ። እሱ በዐሥረኛው ቀን ተለቀቀ። አባቴ በሦስተኛው ወር ሬሳው ወጣ። ታዲያ ማን ጠቆመ? ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ወንድሜ ኣባዲም ያውቃል። የበኩር ልጅ ነው፣ መምህር ነው... በቃ፣ መምህር ብቻ ነው። ከቀብሩ ማግሥት እበቀላለሁ ብሎ ማለ። ዓመት ሞላው።

በአማርኛ የምጽፈው እናቴ እንዳታነብብኝ ነው። ልጇን ምን ያህል እንደምንቀው ብታይ...

ጥቅምት 11
ምሳ ላይ ኣባዲን መቼ ነው አልኩት። እርግጠኛ አይደለሁም፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው አለ አለኝ። አላስጨረስኩትም። ወልደትንሣኤ አርጅቶ እስኪሞት ይሆን የሚጠብቀው? ቀሚሴን ልስጠው?

ኅዳር 2
የአጎቴ ልጅ መንግስትኣብ መጣ። ጥራቮሎ ሰፈር ካለው ጋራዥ በቀጥታ፤ እጁ ዘይት በዘይት። እሱ እንደ ኣባዲ መጽሐፍ አያገላብጥም።
"የጠቆመው ወልደትንሣኤ ነው ትያለሽ?" አለኝ።
"እሱ ነው።"
ሌላ አልጠየቀም። ወንድ እንዲህ ነው።

ኅዳር 5
አደረገው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ በር ላይ፣ በብረት መፍቻ። ወልደትንሣኤ እዚያው ሞተ። መንግስትኣብ አልሮጠም፤ ፖሊስ እስኪመጣ ቆሞ ጠበቀ አሉ።

ኣባዲ ሲሰማ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ፈሪ... ወሬው እንኳ ያብረከርከዋል።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ኅዳር 19
ዓንደማርያም የሚባል ሰው ቤታችን መጣ። ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ የነበረ ነው፤ ትናንት ተፈታ። ለካ ኣባዲ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው እሱን ነው።

አባቴ የነገረውን ነገረን። ወልደትንሣኤን ዐሥር ቀን ገርፈውታል። አንድ ስም ከአፉ አልወጣም። የለቀቁት ተስፋ ቆርጠው ነው። የጠቆመውን ሰው አባቴም ሳያውቀው ሞተ።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ምን አደረግሁ? ሻሂ ልጨምርልህ አልኩት ሰውየውን።

ሰውየው ሲሄድ ኣባዲን ለምን አልነገርከኝም አልኩት።
"ልነግርሽ ነበር፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። የፈራሁት ወልደትንሣኤን አልነበረም። እሱ ባይሆንስ ብዬ ነው።"
ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 23
ለመንግስትኣብ እስር ቤት ምሳ ወሰድኩለት። በሽቦው በኩል ፈገግ አለልኝ። ኮርቷል። አባትሽ አሁን አረፉ አለኝ። እውነቱን ልነግረው ነበር የሄድኩት... ብርቱካን ልላጥልህ አልኩት።

በማይ ጭሆት ሰፈር በኩል ዞሬ ተመለስኩ። የወልደትንሣኤ ሚስት ርግበ ቤቷ በር ላይ ቆማለች፣ ጥቁር ለብሳ። ሰላም አለችኝ! ማንም አልነገራትም ማለት ነው፤ ያስገደልኩት እኔ መሆኔን።

ኅዳር 24
ኣባዲን ዛሬ አብረኸኝ ሂድ አልኩት። መጀመሪያ መንግስትኣብ ዘንድ። ከዚያ ርግበ ዘንድ። ብቻዬን ልነግራቸው አልችልም።

ምን ልትያቸው ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ጫማውን እያሰረ ነው።