ስድስት ታንኳ በአውሮፕላን

ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡30

ደብተሬ፣ ዛሬም ያው ነው። ዓሣ፣ ማንጎ፣ የመንገደኛ ትርፍ ሻንጣ። የአ.አ. መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ባሕር ዳር ሁሉ ወደ ጭነት ክፍላችን ይጎርፋል። የአውሮፕላኑ ሆድ ግን አልሰፋም። የማን ዕቃ እንደሚሄድ የምወስነው እኔ ነኝ። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽህም።

አያ ጥላሁን መጡ። ከሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ። አንድ የአ.አ. ሆቴል ለአዳራሹ ጣሪያ ማስጌጫ ስድስት ታንኳ አዟቸዋል፤ እያንዳንዱ ሁለት ክንድ። ከሆቴሉ ጋር ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት አንዱን ሠርተው አምጥተው አስመዘኑ። ገለባ። የኪሎውን ዋጋ ጠየቁኝ፣ የኪሎውን ነገርኋቸው። ቀላልና ግዙፍ ዕቃ የሚከፍለው በሚይዘው ቦታ ነው፤ ይኽን አልጠየቁኝም። ያልተጠየቅሁትን ለመመለስ ደመወዝ የለኝም።

ኅዳር 19

ስድስቱን በባጃጅ ጣሪያ አስረው መጡ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ። የማጓጓዣ ኪራዩ ሆቴሉ ከሚከፍላቸው በለጠ።

«ልጄ፣ ይኸ እኮ ከገለባ አይከብድም። ምኑን ነው የምታስከፍለኝ?»

አየሩን፣ አልኋቸው። ወረፋው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ባጃጅ ነጂው ሹክ አለኝ፦ ከጥማዳቸው አንዱን በሬ ሸጠው ነው ደንገሉን የገዙት። ሆቴሉ ካልከፈለ በአንድ በሬ አይታረስም። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? አጥፈው ያምጡት፣ በኪሎ ይሄዳል አልኋቸው። ቀልዴን ነበር።

ኅዳር 21፣ 3 ሰዓት

አያ ጥላሁን ቀልድ አያውቁም። ስድስቱንም ከወገባቸው ቆርጠው፣ ግማሽ በግማሽ ላይ ደርበው፣ አጥብቀው አስረው መጡ። ገመድም ጨምረዋል፤ እዚያ ሲደርስ ይሰፉታል ይላሉ። ለካሁ። በኪሎ ገባ።

ፊታቸው በራ። «አንተ ባትመክረኝ ምን ይውጠኝ ነበር? ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው መረቁኝ።

የተቆረጠ ታንኳ ማን ይሰቅላል? አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ማኅተሙን መታሁ።

ኅዳር 25

ተመለሰ። ሆቴሉ አልተቀበለውም። የመመለሻው ኪራይ በላኪው ነው።

ከሰዓት አያ ጥላሁን ደወሉልኝ። ሆቴሉ ስልካቸውን አያነሳም፤ ዕቃዬ ደረሰ ወይ አሉኝ። ጥቅሉ ከእግሬ ሥር ነበር። አፈርሁ። ደርሷል አልኋቸው። ከጀርባቸው እልልታ ሰማሁ፣ ሚስታቸው መሆን አለባቸው።

ነገ ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ልናገር አሰብሁ። አልሄድም። ጥቅሉ መጋዘን ይግባ። ባለቤቱ ካልጠየቀ በወሩ ይወገዳል፣ ደንቡ ነው። እንዲያውም ከመመለሻው ኪራይ ገላገልኋቸው።

አይጠይቁም። ደርሷል ብያቸዋለሁ።